የጉድጓድ ውሃና ፍሎራይድ፦ የልጆቻችንን ጥርስና የቤተሰባችንን አጥንት እንጠብቅ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ በሰውና በእንስሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ትለያላችሁ፤ በቤታችሁ ልትወስዱት የሚገባውን እርምጃ አውቃችሁ ለተከታይ አርሶ አደሮች ታስረዳላችሁ።

1. ጥርስ ለምን ይበልዛል?

ውድ ሞዴል አርሶ አደሮች፣ በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ቀበሌዎች ጥርሳቸው የበለዘ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሰው ሲያያቸው «መፋቂያ አይጠቀሙም» ይላል። በብዙዎቹ ላይ ግን ምክንያቱ ውሃው ነው። የስምጥ ሸለቆ አለት ከእሳተ ገሞራ የመጣ በመሆኑ ውሃ በውስጡ ሲቆይ ፍሎራይድ የተባለውን ማዕድን እያሟሟ ይይዛል። ፍሎራይድ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም ስለሌለው «ውሃችን ጥሩ ነው፣ ኩልል ያለ ነው» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። በአንድ ቀበሌ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች እንኳ መጠናቸው ሊለያይ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

2. የሚያደርሰው ጉዳት

ሀ. በልጆች፦ ጥርስ የሚጎዳው በድድ ውስጥ ሳለ፣ በመሠራት ላይ እያለ ነው። ስለዚህ አደጋው የሚበረታው ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው። ጥርሱ ከበቀለ በኋላ ብልዘቱ በመፋቂያም ሆነ በሳሙና አይለቅም። የእናት ጡት ወተት ፍሎራይዱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ማጥባት ሕፃኑን ይጠብቀዋል።

ለ. በአዋቂዎች፦ መጠኑ ከፍ ያለ ውሃ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትና መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ ጀርባና አንገት አልታጠፍ ይላል። በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ በጠጡ ሠራተኞች ላይ ይህ በሽታ ታይቷል።

ሐ. በከብቶች፦ ጥርሳቸው ይበልዛል፣ ያለ ዕድሜው ያልቃል፤ መኖ ማላመጥ ሲያቅታቸው ይከሳሉ።

ከፍሎራይድ ጋር ዩራኒየምና አርሴኒክም በአንዳንድ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። በውሃ የሚገባ ዩራኒየም በዋናነት የሚጎዳው ኩላሊትን ነው። ውሃችሁ ሲመረመር እነዚህም እንዲታዩ ጠይቁ።

3. መታረም ያለባቸው አስተሳሰቦች

• «አፍልተን እንጠጣለን»፦ ማፍላት ተዋህስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ውሃ ፍሎራይዱ ይጠነክራል።
• «ውሃ አጋር እንጨምራለን»፦ ይህም ለተዋህስያን ብቻ ነው።
• «የምንጠጣው ጥቂት ነው»፦ ወጥ የተሠራበት፣ ገንፎ የተገነፋበት፣ ሻይ የተፈላበት ውሃ ሁሉ ይቆጠራል። የሻይ ቅጠል ራሱም ፍሎራይድ አለው።
• «ጉድጓዱ ይደፈን»፦ አያስፈልግም። ለልብስ ማጠቢያ፣ ለገላ መታጠቢያና ለመስኖ ይጠቅማል። የሚለየው የመጠጥና የማብሰያው ውሃ ነው።

4. ምን እናድርግ?

አስመርምሩ። ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ ሙሉ፤ የጉድጓዱን ስምና ቀኑን ጽፋችሁ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አቅርቡ። አዲስ ጉድጓድ ከማስቆፈራችሁ በፊት በአቅራቢያ ያሉት ጉድጓዶች ውጤት ምን እንደሆነ ጠይቁ።

የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። 30 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 100 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 3,000 ሊትር ይሰጣል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን 2,400 ሊትር ይቀራል። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሞልታችሁ ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትቀዱ 250 ቀን ያደርሳችኋል። አሸንዳውን ጥረጉ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ ድፉ፣ ሮቶውን ክደኑ፤ ውሃውን አክማችሁ ጠጡ።

አቅም ካነሰ ልጆችን አስቀድሙ። 1,000 ሊትር ውሃ በቀን 4 ሊትር ለትንንሽ ልጆች መጠጥ ብቻ ቢቀዳ እሱም 250 ቀን ይቆያል።

የማጣሪያ ዘዴን በጋራ ጠይቁ። በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ፣ ወይም በከፍተኛ ሙቀት በከሰለ የከብት አጥንት ፍሎራይድን መቀነስ ይቻላል። መጠኑን የሚወስነው ባለሙያ ነው፤ በቤት ውስጥ በግምት አትሞክሩ። የአጥንቱን ዘዴ ከመምረጣችሁ በፊት ኅብረተሰቡ ይቀበለው እንደሆነ ተወያዩበት።

5. የመወያያ ጥያቄዎችና የቤት ሥራ

1ኛ. በቡድናችሁ ካሉት ቤተሰቦች ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች ያሉት በየትኛው ጉድጓድ ተጠቃሚ ቤት ነው?
2ኛ. በየቤቱ ከ8 ዓመት በታች ስንት ልጆች አሉ? አሁን የሚጠጡት ከየት ነው?
3ኛ. የጣሪያችሁ ስፋት ስንት ካሬ ሜትር ነው? ምን ያህል ውሃ ይሰበስባል?

መልሱን መዝግባችሁ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ አስረክቡ። ጎረቤት የሚከተለው የእናንተን ማሳ ብቻ ሳይሆን የእናንተን ጉድጓድም ነው። ዘንድሮ የሚወለደው ልጅ ጥርስ ገና አልተጎዳምና ከአሁኑ እንጀምር።