ውጅግራና ዝገት

በጥንታዊ የጦር መሣሪያ ሰብሳቢዎች ዘንድ ውጅግራ ተፈላጊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ ጦር ሥራ ላይ የዋለው ይህ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ነጠላ ጎራሽ ጠመንጃ፣ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ከደጋ ወርዶ ጋምቤላ ደርሷል፤ አኙዋኮችም በዝሆን ጥርስ እየለወጡ ከጦራቸው ጎን አኑረውታል።

ብዙ ሰብሳቢዎች የዛገ መሣሪያ ሲያገኙ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ያንጸባርቁታል። ይህ ለምን ስሕተት እንደሆነ እንመልከት። ዝገት የሚፈጠረው ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ፣ በዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን በብረቱ ገጽ ላይ ስለሚያርፍ ሂደቱ ይፋጠናል። በባሮ ዳርቻ በክረምት እርጥበቱ ከዚህ ይበልጣል፤ የእጅ ላብ ጨውም ያባብሰዋል። በአንጻሩ በአሮጌ ብረት ላይ የሚገኘው ጠንካራ ጥቁር ሽፋን፣ ማግኔታይት፣ ከሥሩ ያለውን ብረት በከፊል ይከላከላል። ፍግፈጋ ይህን ሽፋን ገፎ አዲስ ብረት ለዝገት ያጋልጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የተቀረጸውን የፋብሪካ ስም፣ ዓመትና ቁጥር ማጥፋቱ ነው። እነዚህ ምልክቶች መሣሪያው ከፈረንሳይ እስከ ባሮ የተጓዘበትን መንገድ ለሚመረምር ሰው ዋና ሰነዶች ናቸው።

ስለዚህ አስቀድመን ጥይት አለመጉረሱን በባለሙያ እናረጋግጥ፤ ከዚያም በጓንት ይዘን በደረቅ ጨርቅ እንወልውል፣ ስስ ዘይት እንቀባ፣ በደረቅ ስፍራም እናስቀምጥ። የጠፋ ጽሑፍ በምንም ዘይት አይመለስምና።