የርካሽ ዕንቁላል ዋጋ

ምንባብ

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆረች የሱዳን ዋና ከተማ ናት። ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ ከገጠር የሚመጣው ዶሮና ዕንቁላል ፍላጎቷን ሊያሟላ አልቻለም። ስለዚህ በከተማይቱ ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያኖሩ ዘመናዊ የእርባታ ጣቢያዎች ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት እስከተነሣበት ጊዜ ድረስ የአገሪቱ ዘመናዊ የዶሮ እርባታ አብዛኛው ክፍል ይገኝ የነበረው በዚሁ አካባቢ ነው።

የዚህ ዓይነቱ እርባታ ጥቅም ግልጽ ነው። በገጠር ጭራ የምታድር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ስትጥል፣ ተመርጣ የተዳቀለች ዕንቁላል ጣይ ዶሮ ወደ 300 ትጥላለች። የሥጋ ዶሮም በ6 ሳምንት ገደማ ለዕርድ ትደርሳለች። በዚህም ምክንያት ገቢው አነስተኛ የሆነ ሠራተኛ ለልጆቹ ዕንቁላል ሊገዛ ይችላል። ይሁን እንጂ በገበያ የሚከፈለው ገንዘብ የዕንቁላሉ ሙሉ ዋጋ አይደለም። ቀሪውን የሚከፍሉ ሌሎች አሉ።

ከእነዚህም የመጀመሪያዋ ዶሮዋ ራሷ ናት። በተለመደው የሽቦ ቀፎ ውስጥ ለአንዲት ዶሮ የሚደርሳት ስፍራ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ስፋት ያነሰ ነው። ክንፏን ለመዘርጋት፣ በአፈር ለመታጠብ ወይም ጎጆ ለመሥራት አትችልም። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይባላል፤ የቀፎዋ ዶሮ ግን የምትጭረው መሬት እንኳ የላትም። እንግሊዛዊቷ ሩት ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን አያያዝ አጥብቃ ነቀፈች። የአውሮፓ ኅብረትም እንዲህ ያለውን ቀፎ ከ2012 ጀምሮ ከለከለ።

ሁለተኛው ከፋይ አካባቢው ነው። በካርቱም የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ዶሮ ላብ ስለማያልባት ሙቀቷን የምታበርደው በማለክለክ ነው። ብዙ ዶሮዎች በታጨቁበት ቤት ውስጥ ይህ ስለማይበቃ የአየር ማራገቢያና በውሃ የሚርስ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ብዙ ውሃና የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈሳል። የዶሮ ኩስ በልክ ሲበተን ለእርሻ መልካም ማዳበሪያ ነው። ያለ ጥንቃቄ ሲከመር ግን አየሩን በአሞኒያ ይበክላል፣ ዝንብ ያራባል፣ ወደ ከርሰ ምድር ውሃም ይሰርጋል።

ሦስተኛው ከፋይ ሰው ነው። በሱዳን ለዶሮ መኖ ከሚውሉት ነገሮች ዋነኞቹ ማሽላና የለውዝ ፋጉሎ ናቸው። ማሽላ ደግሞ ሕዝቡ ኪስራ የተባለውን እንጀራ የሚጋግርበት እህል ነው። አንድ የሥጋ ዶሮ አንድ ኪሎ ክብደት ለመጨመር ሁለት ኪሎ ያህል መኖ ትበላለች። በድርቅ ዘመን የድሀውና የእርባታው እጅ ወደ አንድ ጎተራ ይዘረጋል።

ከዚህም በላይ ብዙ ዶሮዎችን በአንድ ስፍራ ማከማቸት ለአደጋ ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወፎች ኢንፍሉዌንዛ በካርቱምና በገዚራ በተነሣ ጊዜ በሽታው እንዳይዛመት ብዙ ዶሮዎች ተገደሉ። በ2023 የተነሣው ጦርነትም መብራት በማቋረጥና የመኖ መንገድ በመዝጋት ብዙ ጣቢያዎችን ከሥራ ውጭ አደረገ። በሜዳ የምትለቅም ዶሮ ለጥቂት ጊዜ ራሷን ትችል ይሆናል። በቀፎ የተዘጋችው ግን ሰው እጁን ካነሣባት ሕይወቷ ያልፋል።

የካርቱም ጉዳይ ለካርቱም ብቻ የሚተው አይደለም። በአገራችንም በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ ትልልቅ የዶሮ እርባታዎች አሉ። ዘመናዊ እርባታን መተው ለተራበ ሕዝብ መፍትሔ አይሆንም። ሆኖም ለዶሮዎቹ በቂ ስፍራ መስጠት፣ ኩሱን አብላልቶ ለገበሬ ማድረስ፣ መድኃኒትንም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ብቻ መጠቀም ይቻላል። ይህ ሁሉ የዕንቁላሉን ዋጋ ጥቂት ከፍ ያደርገው ይሆናል። ዋጋው ግን በዚያን ጊዜ እውነተኛ ይሆናል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
መኖ፣ ፋጉሎ፣ ማለክለክ፣ ከርሰ ምድር

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. የርካሽ ዕንቁላልን ቀሪ ዋጋ የሚከፍሉት እነማን ናቸው?
2. በካርቱም የዶሮ እርባታ ብዙ ውሃና የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሻው ለምንድን ነው?
3. «የድሀውና የእርባታው እጅ ወደ አንድ ጎተራ ይዘረጋል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ሐ. «ዋጋው ከፍ ቢል ድሀው ዕንቁላል ይከለከላል» ለሚል ሰው የምትሰጡትን መልስ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።