መድኃኒቱ ተሰጥቶት ካልተሻለውስ?

እታለም፣ ልጁን አታስተኚው፤ ደረትሽ ላይ ቀና አድርገሽ ያዢው። ሲያለቅስ ትንፋሹ ይበልጥ ያጥረዋልና ማባበሉ ራሱ ሕክምና ነው። የዘንገናን ብርድ ፈርተሽ በጋቢ አፉን አትሸፍኚው፤ ቀዝቃዛ አየር እንዲያውም ይረዳዋል። ጉሮሮውን ለማየት ብለሽ ማንኪያም ጣትም አታስገቢ።

ይህ እንደ ውሻ ጩኸት የሚያስለው ክሩፕ የሚባለው ነው። በሕክምና ቦታው ዴክሳሜታዞን የሚባለውን መድኃኒት ሰጥተውታል፤ ደግ አደረጉ። ግን ሥራው እስኪታይ ሰዓታት ይፈልጋል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለውጥ ባታዪ ተነሥተሽ አትሂጂ። በጭምብል የሚተነፍሰው አድሬናሊን ደግሞ ቶሎ ያሽለውና ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ኃይሉ ያልቃል። ባጃጅ ጠርተሽ ከወጣሽ መንገድ ላይ ሊያፍነው ይችላል። ሦስት አራት ሰዓት እዚያው ቆዪ።

አሁን አማትሽ “እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ” ይሉ ይሆናል። ቢቆጡም እሺ እንዳትዪ! መተንፈሻውን ያጠበበው እብጠት ከእንጥሉ ብዙ ዝቅ ብሎ፣ ከድምፅ ማውጫው ሥር ነው። እንጥል ቢቆረጥ ደም ይፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል እንጂ መተንፈሻው አይሰፋም። ቅቤም እንዲውጥ አትስጪው፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

አልሻል ካለው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና የምታውቂውን ለሐኪሙ ንገሪው። በጉንፋን ነው የጀመረው ወይስ ቆሎ ሲበላ ድንገት ትን ብሎት? የአየር ቧንቧው ውስጥ የገባ ሽምብራ በዴክሳሜታዞን አይወጣም። ትኩሳቱ ካየለና ልጁ ከዛለ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ያ አንቲባዮቲክ በፍጥነት ይፈልጋል። ምራቁን መዋጥ አቅቶት ከተዝረበረበም ተናገሪ። የክትባት ካርዱንም አሳዪ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ፔንታቫለንት ክትባት ጉሮሮን የሚዘጋውን ዲፍቴሪያን ይከላከላል፣ ያመለጠው ካለ ማወቅ አለባቸው።

ልብሱን ገልጠሽ ደረቱን እዪ። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ወይም ዝም ብሎ ተቀምጦ እያለም ትንፋሽ ሲስብ ሲር የሚል ድምፅ ከተሰማሽ ባለሙያውን ጥሪ። ድምፁ ቀንሶ ልጁ ከፈዘዘ ደግሞ “ተሻለው፣ ተኛ” አትበይ፤ ለመተንፈስ አቅም አጥቶ ሊሆን ይችላል። ከንፈሩ ከጠቆረ ደቂቃም አትጠብቂ።

ሆስፒታል ካስፈለገ እንጅባራ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ከዚያ አልፎ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሪፈር ከተባለ፣ ኦክስጅን ተያይዞለት፣ ባለሙያ አጠገቡ ተቀምጦ በአምቡላንስ ይሂድ። በሚኒባስ ይዘሽው እንዳትወጪ።