ቤተ ክርስቲያን የመረጠችው የመንግሥት ዓይነት አለን?

ከቱም እስከ ቴፒ ባለው አገራችን ዕድሜው ሰማንያ የደረሰ ሽማግሌ ሦስት ሥርዓት አይቷል፤ ዘውዳዊውን፣ ሶሻሊስታዊውንና ፌዴራላዊውን። እያንዳንዱም «ከእኔ የተሻለ የለም» እያለ መጥቷል። ስለዚህ ወጣቶች በትምህርት ሰዓት «እግዚአብሔር የሚወደው የትኛውን ነው?» ብለው ቢጠይቁ አያስደንቅም።

ቅዱስ መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አይሰጥም። እስራኤላውያን ንጉሥ በለመኑ ጊዜ ነቢዩ ሳሙኤል የነገራቸው የዘውድን ክብር ሳይሆን ዋጋውን ነው (1ሳሙ. 8)፤ ንጉሡ ልጆቻቸውን ለአገልግሎቱ እንደሚወስድ፣ ከእህላቸውም ዐሥራት እንደሚያወጣ አስጠነቀቃቸው። መንግሥትን በስሙ ሳይሆን ከገበሬው ቤት በሚወስደውና በሚተወው መመዘን ከዚያ ይጀምራል።

በቱም ዙሪያ ያለው የማጂ ምድር በዚህ ሚዛን ሲታይ ታሪኩ ያሳዝናል። አካባቢው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ የዲዚ ገበሬ የሹምና የወታደር ገባር ሆነ፤ ባሪያ ፈንጋዮችም መንደሮችን አራቆቱ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ ባርነት ፈጽሞ በሕግ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ፣ በ1923 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ታውጆ ነበር፤ ገባሩን ግን ከቀንበሩ አላወጣውም። ከዚያ በፊት የነበረውም ንጹሕ አልነበረም። የካፋ ንጉሥ ሚክሬቾ በሚባል የመማክርት ሸንጎ ሥልጣኑ የተገታ መሆኑ የሚደነቅ ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያም መንግሥት ሰው ይሸጥ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ጭሰኛን ነጻ አወጣ። ይህ ፍትሕ እንደ ነበር መካድ አይገባም። ያው መንግሥት ግን የገበሬውን ቡና ዋጋ ራሱ ወሰነ፤ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙውን ያለ ፈቃዱ፣ ከሰሜን አንሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። መሬት የሰጠ እጅ ሰውንም እንደ ንብረቱ ከቦታ ቦታ አዛወረ።

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በመጋቢት 1937 እ.ኤ.አ. በአንድ ሳምንት ውስጥ በናዚዎችም በኮሙኒስቶችም ላይ ሁለት ዓዋዲ መልእክቶችን ጻፉ፤ ሰውን ለዘር ወይም ለመደብ መሣሪያ የሚያደርግ ርእዮት ሁሉ ስሕተት ነውና። (ጊዜው ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ከፈጸሙት የየካቲት 12 እልቂት አንድ ወር እንኳ ያልሞላው ነበር፤ ለዚያ እልቂት ግን እንዲህ ያለ መልእክት አልወጣለትም።) ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. የመንግሥትን ቅርጽ መምረጥ የዜጎች ነጻ ፈቃድ መሆኑን አስተማረ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1991 እ.ኤ.አ. ሕዝብ ገዢዎቹን የሚመርጥበትንና የሚቈጣጠርበትን ሥርዓት አከበሩ፤ ነገር ግን እውነትንና የሰውን ክብር ያልያዘ ዴሞክራሲ ወደ አምባገነንነት እንደሚያዘነብል አስጠነቀቁ። ስለዚህ ለርእሳችን ጥያቄ መልሱ «የለም» ነው፤ መመዘኛ ግን አለ።

ከመመዘኛዎቹ አንዱ፣ በ1931 እ.ኤ.አ. በፒዮስ 11ኛ የተገለጸው፣ ታናሹ ማኅበር ሊሠራ የሚችለውን ታላቁ እንዳይነጥቀው ያዛል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የቆመው ፌዴራላዊ ሥርዓት በዚህ በኩል ይመሰገናል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከመቋቋሙ በፊት የቱም ሰው ለክልል አቤቱታ ሐዋሳ ድረስ ይጓዝ ነበር። የሥልጣን መቅረብ ግን ጎረቤትን ባዕድ ካደረገ በታናሹ ስም ሌላ ታናሽ ይገፋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጉራፈርዳ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ በዚያ ምድር ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ሰፋሪዎች ነበሩ።

ለውይይት፦

በቀበሌያችን ቁጥሩ ያነሰው ወገን ማን ነው? በሸንጎ ሲናገር ይደመጣልን? መሬቱን ወይም ቡናውን ሲነጠቅስ አቤት የሚለው ለማን ነው?