ቅቤው ስለምን ይነጣል?

በመስከረምና በጥቅምት የተናጠ ቅቤ ቢጫ ነው። በመጋቢት የተናጠው ነጣ ይላል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ምክንያቱ ግን ምንድን ነው?

ነገሩ ያለው ከሣሩ ላይ ነው። በለምለም ሣር ውስጥ ካሮቲን የሚባል ቢጫ ቀለም አለ። ላሚቱ ሣሩን ስትበላ ቀለሙ ከወተቱ ስብ ጋር ይወጣል። ቪታሚን ኢ የሚባለውም ከዚያው ከለምለም ሣር ይገኛል። ቪታሚን ኢ በዓይን አይታይም። ቅቤው ሲነጣ ግን እሱም አብሮ ሳያንስ አይቀርም።

ሥራው ምንድን ነው? ማረሻ ዝናብ መትቶት ሜዳ ላይ ካደረ ይዝጋል። በእንስሳም በሰውም ሰውነት ውስጥ እንደ ዝገት ያለ ነገር አለ። ላሚቱን በሕይወት የሚያኖራት አየር መልሶ ሥጋዋንና ደሟን ይጎዳል። ማረሻ ቅባት ሲቀባ ዝገት እንደማይደፍረው ሁሉ፣ ቪታሚን ኢም ሰውነቷን ይጠብቃል። ረዳትም አለው፤ ሰሌኒየም ይባላል። ሰሌኒየም ከአፈር ወደ ሣርና እህል የሚገባ ማዕድን ነው። ላሚቱ የሚያስፈልጋት እጅግ ጥቂት ነው።

በደም ውስጥ ጀርም እየዋጡ የሚያጠፉ ዘበኞች አሉ። ሁለቱ ነገሮች ሲጎድሉ ዘበኞቹ ይደክማሉ። ያኔ በጡቷ ጫፍ የገባ ጀርም ግቷን ያሳብጣል። ግቷ ይግላል፣ ይጠጥራል። ወተቱ ይጓጉላል፤ አንዳንዴም ደም ይቀላቀልበታል። ቶሎ ካልታከመች አንዱ ጡት ጭራሽ ይነጥፋል። በአራት ጡት ትታለብ የነበረች በሦስት ትቀራለች። የጎደለው የልጆች ድርሻ ነው።

በአሜሪካ በኦሃዮ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አወጡ። ከመውለዳቸው በፊት ቪታሚን ኢ በተጨመረላቸው ላሞች ላይ የግት በሽታ በ37 በመቶ ቀነሰ። ሁለቱንም ያገኙት ደግሞ ቢታመሙም የሕመማቸው ጊዜ በ62 በመቶ አጠረ።

ታዲያ ሰሌኒየም ገዝተን እንውጋት? የለም! ሰሌኒየም ሲበዛ መርዝ ነው። የእንስሳት ሐኪም ሳያያት አይሰጣትም። የእኛ መድኃኒት ከማሳው ዳር ነው።

ሣሩን ማበብ ሲጀምር እጨዱ። ብዙ ሰው እንዲበዛለት ብሎ ዘሩ እስኪረግፍ ይጠብቃል፤ ያኔ ግን ሣሩ ጭድ ሆኗል። የታጨደውን እያገላበጡ ቶሎ ማድረቅ፣ ከዚያም ፀሐይና ዝናብ እንዳያገኘው መከመር ነው። አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ ድርቆሽ ይሻላል። እሱም ቢሆን ሲቆይ ቪታሚኑ ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃ ያለበት ሰው ጥቂት አልፋልፋ ወይም ሰስባኒያ ቢተክል በበጋ ይጠቀማል።

ለምለሙ የማን ነው? ላም ስትነጥፍ ሰው ይረሳታል። ወተት ስለማትሰጥ ጭድ ብቻ ይጣልላታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ልትወልድ ሁለት ወር የቀራት ላም ናት ለምለሙን ይበልጥ የምትፈልገው። የግት በሽታ የሚበረታው በወለደች ሰሞን ነውና። ለምለም መብላቷ ግን እጅንና ግትን ታጥቦ ማለብን አይተካም።

ወተቱም ከታለበ በኋላ ይህ እንደ ዝገት ያለ ነገር ያገኘዋል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ወይም በዛገ ቆርቆሮና በመዳብ ዕቃ ከተቀመጠ ጣዕሙ ይበላሻል።

ጥጃው ሲወለድ በሰውነቱ ያለው ቪታሚን ኢ ጥቂት ነው። የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ይጥባ። እንገር ተፈልቶ ሲበላ ይጣፍጣል፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። ቢሆንም መጀመሪያ ጥጃው ይጥገብ።