አሮጌው የፔይንትቦል ጠመንጃ፦ ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ሴል የሚዞር ሰው ቲፕማን 98 ከስተም የተባለውን ጥቁር የፔይንትቦል ጠመንጃ አንድ ቀን ማግኘቱ አይቀርም። ዋጋው ርካሽ፣ አካሉ ብረት ነው፤ ልጅም ያየው እንደሆነ ሳይዘው ወደ ቤት አይመለስም። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ረጅም አፈሙዝና ኤሌክትሮኒክ ቃታ ይግባለት ይላል፤ ባለሱቁ ደግሞ አዲስ ግዙ ይላል። እጅዎን ኪስዎ ከመክተትዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ፦ ነገ ተነቅሎ ሌላ ጠመንጃ ላይ ለሚገጠም ዕቃ የወጣ ገንዘብ አያስቆጭም፤ ከዚህ ጠመንጃ ጋር ለሚቀር ዕቃ ግን ሁለት ጊዜ ይታሰብ።

1. ከማስኩ ይጀምሩ

ከጠመንጃው ጋር አሮጌ ማስክ ከተሰጠዎት አይመኑት። መስታወቱ የተጫረ ወይም የተሰነጠቀ፣ ስፖንጁ የተፈረፈረ ከሆነ ለዓይን አይሆንም። አዲስ ሲገዙ ኤኤስቲኤም ኤፍ1776 የተባለውን የፔይንትቦል ዓይን መከላከያ ደረጃ ማሟላቱን ያረጋግጡ። ማስኩ ከየትኛውም ጠመንጃ ጋር ስለሚያገለግል የመጀመሪያው ገንዘብ እዚህ ቢወጣ አይከስሩም።

2. የሲሊንደሩን ዕድሜ ያንብቡ

በአሜሪካ ሕግ የታመቀ አየር የሚይዙ የፔይንትቦል ሲሊንደሮች ብዙውን ጊዜ በየ5 ዓመቱ በውኃ ግፊት መፈተሽ አለባቸው። ካርቦን ፋይበር የተጠቀለለባቸው ደግሞ በአብዛኛው 15 ዓመት ሲሞላቸው ፈተናውን ቢያልፉም ከአገልግሎት ይወጣሉ። ቀኑ አንገቱ አካባቢ ተቀርጾ ወይም በመለያው ላይ ታትሞ ይገኛል። ጊዜው ያለፈበትን የፔይንትቦል መጫወቻ ሜዳው አይሞላልዎትም።

ሲሊንደሩን ከጠመንጃው ሲፈቱ ዓይንዎ ቫልቩ ላይ ይሁን። ቫልቩ ከጠመንጃው መላቀቁን ትቶ ከሲሊንደሩ መፈታት ከጀመረ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ተፈትቶ ቢወጣ ሲሊንደሩ እንደ ሮኬት ተወርውሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ብዙ ተጫዋቾች ከቫልቩ እስከ ሲሊንደሩ ድረስ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር ያሰምራሉ። መስመሩ ከተዛነፈ ቫልቩ ተንቀሳቅሷል ማለት ስለሆነ ለባለሙያ ይስጡት።

3. የሚተነፍስበትን ቦታ ያግኙ

ማስክ አድርገው፣ ኳስ ሳያስገቡ፣ አፈሙዙን በመከላከያው ሸፍነው ሲሊንደሩን ያጥብቁ። ከዚያ ጎሚስታ ጎማ እንደሚፈትሸው መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ይቀቡ። አረፋው ሲሊንደሩ ከጠመንጃው በሚገናኝበት ቦታ ከተነፋ ያለቀው ኦሪንጉ (የጎማ ቀለበቱ) ነው፤ ዋጋውም ሳንቲም ነው። አየሩ በአፈሙዙ በኩል ከወጣ ውስጥ ያለው የቫልቭ ጎማ ተበልቷል፤ እሱም በጥቂት ዶላር በሚሸጥ የጥገና ኪት ይቀየራል። ለ98 ከስተም ብሩጎላ ቁልፍና ትዕግሥት ይበቃል። ለማለስለሻ የፔይንትቦል ዘይት ብቻ ይጠቀሙ፤ ደብሊውዲ-40 ጎማዎቹን ይጎዳል።

አካሉ ከተሰነጠቀ፣ የብሎኖቹ ጥርስ ካለቀ ወይም የዚያ ሞዴል መለዋወጫ ከገበያ ከጠፋ ግን ድካሙ አያዋጣም። እዚህ ላይ አዲስ ለመግዛት ይወስኑ።

4. ሜዳ ወስደው ፍጥነቱን ይለኩ

የተለመደው ጣሪያ በሰከንድ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ሜዳዎች ወደ 280 ያወርዱታል። ክሮኖግራፍ በተባለው የፍጥነት መለኪያ ላይ አሥር ያህል ኳስ ይተኩሱ። ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ ጠመንጃው ጤነኛ ነው። አንዱ 285፣ ቀጣዩ 240 ካለ ጠመንጃውን ከመውቀስዎ በፊት ጋዙን ይጠርጥሩ። የሚጠቀሙት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ፣ በሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ ግፊቱ ከአየሩ ሙቀት ጋር ይወጣል ይወርዳል፦ በ21 ዲግሪ ሴልሺየስ 850 ፒኤስአይ አካባቢ የነበረው በዜሮ ዲግሪ ወደ 500 ይጠጋል። ከሜዳው የታመቀ አየር ሲሊንደር ተከራይተው ይሞክሩ። 98 ከስተም በሁለቱም ይሠራል።

5. ችግሩን በስሙ ይጥሩ

“ሩቅ አይደርስም” ከሆነ ቅሬታው፣ ረጅም አፈሙዝ አያድነውም፤ የኳሱ ፍጥነት በሜዳው ሕግ ስለታሰረ ውዱም ርካሹም ከሞላ ጎደል እኩል ርቀት ነው የሚልኩት። “ዒላማ ይስታል” ከሆነ መጀመሪያ ኳሱን ይዩ። እርጥበት የነካው ኳስ ያብጣል፣ ቅርጹም ይበላሻል። አፈሙዙን ፈትተው አንድ ኳስ ይክተቱበት፦ በራሱ ተንከባሎ ከወጣ ቀዳዳው ለኳሱ ሰፍቷል፤ በአፍ እፍ ሲሉት ብቻ ከወጣ ተስማምተዋል። “ኳስ ውስጡ ይፈርጣል” ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቃታው ሆፐሩን (ኳስ የሚያቀብለውን ዕቃ) ቀድሞታል፤ ባትሪ ያለው ሆፐር ይፈታዋል። “ክብደቱ ከበደኝ” ከሆነ ግን ተፈጥሮው ነው፤ መለዋወጫ አይለውጠውም።

6. ዕቃውን በሁለት ዝርዝር ይክፈሉ

በአንዱ ወረቀት አብረውዎት የሚሄዱትን ይጻፉ፦ ማስክ፣ የአየር ሲሊንደር፣ ኤሌክትሮኒክ ሆፐር። በሌላው ከጠመንጃው ጋር የሚቀሩትን፦ ኤሌክትሮኒክ ቃታ፣ ሰደፍ፣ የውስጥ ሞላና ቫልቭ። የ98 አፈሙዝም ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ብዙ አዳዲስ ጠመንጃዎች የሚቀበሉት አውቶኮከር የተባለውን ጥርስ ስለሆነ ያለ ማገናኛ አይገባላቸውም።

7. ይደምሩና ይወስኑ

የሁለተኛው ዝርዝር ድምር የአዲስ ጠመንጃን ግማሽ ዋጋ ካለፈ አዲሱን ይግዙ። ለጀማሪ የሚሆን መካኒካል ጠመንጃ ከ100 እስከ 150 ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ ለአሮጌው የሚገዛ ኤሌክትሮኒክ ቃታ ብቻውን ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። የተጨመረው ዕቃ ሲሸጥ ገንዘቡን እንደማይመልስም አይርሱ።

በዓመት ጥቂት ጊዜ ጫካ ሜዳ ላይ ለሚጫወት ልጅ ኦሪንግ፣ ዘይትና ጥሩ ማስክ ይበቃዋል። ውድድር ውስጥ ለሚገባ ልጅ ኤሌክትሮኒክ ጠመንጃ ያስፈልገዋል፤ እነዚህም በአብዛኛው በታመቀ አየር ብቻ ስለሚሠሩ የሲሊንደሩን ዋጋ አብረው ይቁጠሩ። ከመክፈልዎ በፊት ልጁ ሊገዙ ያሰቡትን ሞዴል ወይም ተቀራራቢውን ለአንድ ቀን ተከራይቶ ይጫወትበት። አዲስ ከገዙም አሮጌውን አይጣሉት፤ ኦሪንጉ ተቀይሮለት ቢቀመጥ አዲሱ ሲበላሽ ተጠባባቂ፣ የአጎት ልጅ ለጨዋታ ሲመጣም የኪራይ ማዳኛ ይሆናል።