ጋቢ አይቶ ስለ መግዛት

ልብስ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ብቻ ሳይሆን ያንን ጨርቅ የሠራውን ሰው ድካም ጭምር ይገዛል። ጨርቁን መለየት የማይችል ግን ድካሙንም መመዘን አይችልምና ርካሹን በውድ ሲገዛ፣ ውዱንም በርካሽ ካልሰጣችሁኝ ሲል ይኖራል።

እኔም ከዚህ ስሕተት አላመለጥሁም። ባለፈው ዓመት ዝንጅብል ተሽጦ በተገኘው ገንዘብ ለአያቴ ጋቢ እንድገዛ ታዘዝሁ። ከአንድ ነጋዴ ዘንድ ነጭና ለስላሳ ሆኖ የታየኝን መርጬ አመጣሁ። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ግን ጋቢው ሳሳ፣ አጠረ፣ ጥለቱም ቀለሙን ለቀቀ። አያቴ ምንም ሳይናገሩ አጣጥፈው አስቀመጡት፤ ዝምታቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ስለዚህ እዚሁ ሀደሮ ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ሸማኔ ሄጄ፣ «አባባ፣ ደኅናው ጋቢ በምን ይታወቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከእርሳቸው የተማርሁትን ለጓደኞቼ ለማካፈል ይህን ጻፍሁ።

አስቀድሞ የልብሶቹን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። ነጠላ፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ ስስ ልብስ ነው። ኩታ ከነጠላ ይከብዳል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ለብርድ ይመረጣል። ቡልኮ ደግሞ በወፍራም ክር ተሸምኖ ለሽማግሌዎች ክብር፣ ሌሊትም ለመኝታ ያገለግላል።

ጥጡ ፍሬው በመዳመጥ ከወጣለት በኋላ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶውም በእንዝርት ይፈተላል። በቁመት የሚዘረጋው ክር ድር፣ በአግድም የሚገባው ማግ ይባላል። በዛሬው ጊዜ ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ የእጅ ፈትል ይጠቀማሉ። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ስለሚወረውር የጨርቁ ስፋት እጁ ከሚደርስበት አያልፍም። ሰፊ ልብስ ሲያስፈልግ ሁለቱ ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል። ይህን ያወቀ ገዢ የት የት መመልከት እንዳለበት ያውቃል።

አንደኛ፣ ልብሱን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ማንሣት ነው። ማጉ አንዱ ስፍራ ጠብቆ ሌላው ስፍራ ከላላ ልብሱ ቶሎ ይሳሳል። የተበጠሰ ክርም በዚህ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ክሩን በጣት መዳሰስ ነው። የእጅ ፈትል አንዳንድ ስፍራ ወፈር፣ አንዳንድ ስፍራ ቀጠን ይላል። ይህ ጉድለት ሳይሆን የሰው እጅ ምልክት ነው፤ የፋብሪካ ክር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው።

ሦስተኛ፣ ጨርቁን በሁለት እጅ ማሸት ነው። የዱቄት ሙቅ በብዛት የተቀባ ከሆነ ብናኝ ይወጣዋል፤ እንዲህ ያለው ሲታጠብ ክብደቱን ያጣል።

አራተኛ፣ ስፌቱንና ጥለቱን መመርመር ነው። ሁለቱ ቁራጭ የተገናኙበት ስፍራ ጥለቱ ቀጥ ብሎ መያያዝ አለበት። ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሶ ጥለቱን ማሸትም ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ያሳያል።

አምስተኛ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ ዐመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ጨሌ ይጠጥራል።

በመጨረሻ፣ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ጥቂት ስለሚሰበሰብ ልብሱን ረዘም አድርጎ መግዛት ይገባል።

አዛውንቱ ይህን ሁሉ ካሳዩኝ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የሚያውቅ ገዢ ቢከራከረኝ ደስ ይለኛል። የማያውቀው ግን የፋብሪካውን ዋጋ ጠቅሶ የእኔን ያስረክስብኛል።» በእውነትም የሀገር ጥበብ መስለው በፋብሪካ የታተሙ ጨርቆች ዛሬ በገበያ ሞልተዋል። ከጋሞ ደጋ የተነሡት የዶርዜ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳን በሥራቸው አስጠርተዋታል፤ እነርሱም ቢሆኑ ከእነዚህ ጨርቆች ጋር መወዳደር ግድ ሆኖባቸዋል።

ቀድሞ በሀገራችን ሸማኔ በሙያው ይናቅና ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም፣ የሸማኔውንና የፈታይዋን ድካም ሳይመለከቱ ዋጋ መስበር ሌላው የንቀት መንገድ ነው።

ሌላውም ሕዝብ ይህን ችግር አይቶታል። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1921 ሕንዶች የውጭውን ጨርቅ ትተው በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ካዲ እንዲለብሱ ብርቱ ቅስቀሳ አድርገዋል። በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ባላራማፑራም፣ ወንዶች ከወገባቸው በታች የሚያገለድሙት ሙንዱ አሁንም በእጅ ይሸመናል። ነጭ ሆኖ ጠርዙ ወርቃማ ስለሆነ ለእኛ ዐይን ነጠላችንን ይመስላል።

አያቴ አሁን የሚለብሱት ጋቢ ከእኒያ ሸማኔ የተገዛ ነው። ገንዘቡን ለማጠራቀም ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል፤ ዋጋውም ከፊተኛው ይበልጣል። ነገር ግን ደጋግሞ ታጥቦ አልሳሳም። ስለዚህ ወላጆቻችንና ጓደኞቼ ሆይ፣ ወደ ገበያ ስትወጡ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ልብሱን ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን አንሡት፤ ማን እንደ ሠራውም ጠይቁ።